የጉንጮ አልጋ ልብስ

ሰኞ

እማዬ ይህን ደብተር የገዛችልኝ ለሂሳብ ነው። ስለዚህ፦ ሁለት ሲደመር ሁለት አራት። ይኸው፣ ሂሳብ ተሠራበት። ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ነው።

ጉንጮ ልታገባ ነው። የሰማሁት ከራሷ አይደለም፣ ከእናቷ ነው። እናቷ ደግሞ የነገሩን ካስክ ውስጥ ሆነው ነው። የእማዬ ፀጉር ቤት የእኛው የፊት ክፍል ነው፤ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ የገባ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ፣ ምስጢር ሁሉ በእኛ ቤት በጩኸት ነው የሚወጣው። «ለማንም አልነገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው» ሲሉ፣ ከመንገድ ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ ቀና ብሎ «እንኳን ደስ ያለዎት» አላቸው።

ጉንጮ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ናት። ጉንጯ ሁለት ዳቦ የዋጠች ያስመስላታል፤ ስሙን ያወጣሁላት ገና አፍ ስፈታ ነው፣ በዚያው ተጣብቆ ቀረ። ከእኔ ትበልጣለች፣ ፎቶኮፒ ቤት ትሠራለች፣ ግን ታላቅነቷን አንድ ቀን ተጠቅማበት አታውቅም። ሳቋን ግድግዳ አያግደውም። እሷ እዚያ ስትስቅ፣ እኔ እዚህ ምክንያቱን ሳላውቅ እስቃለሁ።

ሙሽራው የመጋዘን ኃላፊ ነው። «የማይጠጣ፣ የማያጨስ፣ ሰዓት የሚያከብር» አሉ እናቷ። እኔ «ይስቃል?» ብዬ ጠየቅኩ። እማዬ በማበጠሪያው ጀርባ አናቴን ቸብ አደረገችኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ስሙ መጋዘን ነው።

ረቡዕ

የስጦታ ጉዳይ። ኪሴ ውስጥ ያለው የአውቶቡስ ቲኬትና ግማሽ ማስቲካ ነው። አክስቴ መፍትሔ አላቸው። አክስቴ ለሁሉም ነገር መፍትሔ አላቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ እሳቸው ከክፍል ወጡ እንጂ ክፍሉ ከእሳቸው አልወጣም።

«በእጅ የተሠራ ነገር» አሉ ጣታቸውን አንስተው፣ «ዕድሜ ልክ ይቀመጣል።»

ማስረጃው ቤታቸው ነው። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ራዲዮኑ ለብሷል፣ የስኳሩ ዕቃ ለብሷል። ትንሽ ጊዜ ሳልንቀሳቀስ ብቀመጥ እኔንም ያለብሱኛል።

ስለዚህ በኪሮሽ የአልጋ ልብስ ልሠራ ነው። ለድርብ አልጋ። ትንንሽ ካሬ ይሠራና በኋላ እርስ በርሱ ይያያዛል። ኪሮሽ ማለት ጫፏ ቆልመም ያለች አንዲት ዘንግ ናት፤ ክሩን ቀለበት ውስጥ ሌላ ቀለበት እያደረገች ታወጣዋለች፣ ሌላ ምንም የለም። ይህን ምንም የሌለበትን ነገር ለመማር ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀሁ። አክስቴ የሠራሁትን ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ካሬ ነው።»

«ካሬ ስንት ማዕዘን አለው?»

«አራት።»

«ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። አምስት ሆነ። አምስተኛው ከየት እንደመጣ እስካሁን አልገባኝም።

ቅዳሜ

ጉንጮ የክሩን ቀለም ልትመርጥ አብራኝ ወጣች። ቢጫ መረጠች። «የሚጮህ ቢጫ ይሁን» አለች፣ «ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የሚያስቀኝ።» ክር ሻጩ ጋ የነበረውን ቢጫ በአክስቴ ብር ጠራርገን ወሰድን።

መንገድ ላይ ስልኳ ጠራ። ቆማ አነሳች። «ክር ልንገዛ ወጥተን ነው። አዎ፣ ከልጅቷ ጋር። አዎ፣ ከትንሿ።» ትንሿ እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ድጋሚ ጠራ፤ በዚህኛው ስልኩን ወደ እኔ አዞረችና «ሰላም በይው» አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አየሁ። ፈገግ አለ።

«ሌላ ማን አለ እዚያ?»

«ክር ሻጩ፣ አንዲት ድመትና እኔ» አልኩት።

ድመቷን አሳዪኝ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አላለም። ይህን ለጉንጮ ስነግራት ሳቀች። መጀመሪያ ግን ስልኩ መዘጋቱን አየች፣ ከዚያ ነው የሳቀችው።

ማክሰኞ

ካሬዎቼ በሙሉ አራት ማዕዘን ሆነዋል። አክስቴ «ደህና ነው» አሉ፤ በእሳቸው አፍ ይህ ጭብጨባ ነው።

ከሥራ ስትመለስ ጉንጮ ብቅ አለች። አልገባችም፣ በር ላይ ቆመች።

«ነጭ ቢሆን ይከፋሻል?»

«ምኑ?»

«የአልጋ ልብሱ። ቢጫ ቶሎ ይሰለቻል አለ።»

«ማን ጠየቀው?»

«ሁሉንም እነግረዋለሁ እኮ። ድብቅ ነገር አይወድም።» ቀጥላ ደግሞ፣ «ነጭ ንጹሕ ነው» አለች።

የአክስቴን ድምፅ አስመስዬ «ነጭ እድፍ ነው የሚያሳየው፣ ጻፊው» አልኳት። በዚህ ሁልጊዜ ትፈነዳለች። ዛሬ ሰዓቷን አየች።

ቢጫዎቹን ካሬዎች አክስቴ ወረሷቸው። አሁን የውሃ ብርጭቆውና የመድኃኒቱ ጠርሙስም ለብሰዋል።

ዓርብ

ነጩ ክር በቱባ ነው የመጣው። ቱባ እንዳለ አይሠራበትም፣ መጀመሪያ ወደ ልቃቂት መጠንጠን አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ቱባውን በሁለት እጁ አንጓ ላይ አጥልቆ፣ እጁን ዘርግቶ ይቀመጣል። ሌላው ይጠነጥናል። ያዡ አፍንጫውን እንኳ ማከክ አይችልም። ጉንጮን ያዥ አደረግኳትና በክሩ ጫፍ አፍንጫዋን ነካ ነካ ሳደርጋት፣ እየተቁነጠነጠች ያንን የድሮውን ሳቅ ሳቀች። እናቷ በግድግዳው በኩል «ምን አገኛችሁ እናንተ» እስኪሉ ድረስ። ደስ ስላለኝ ቀስ ብዬ ነበር የምጠነጥነው።

ስልኳ ጠራ። ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አንሺልኝ፣ አንሺልኝ» አለች። እጇን ልታወጣ ስትጎትት ክሩ ተወሳሰበና ጠበቀባት። ፊቷ፣ ዕቃ ሰብራ የእናቷን ኮቴ የሰማች ልጅ ፊት ሆነ። ይህን ያስተዋልኩት ግን አሁን ስጽፈው ነው። ያኔ የታየኝ ጥሩ ቀልድ ብቻ ነበር። አነሳሁና በአፍንጫዬ እየተናገርኩ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ የሙሽሪት ጽሕፈት ቤት ነው። ሙሽሪት ለጊዜው እጇ ታስሯል፣ እባክዎ ቆይተው ይደውሉ» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ወዲያው ድጋሚ ጠራ። ጉንጮ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። አዎ፣ በጥርሷ። ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ባለችበት ቆማ፣ አጠገቧ ሰው ያለ ይመስል ጭንቅላቷን በእሺታ ትነቀንቃለች። ስትመለስ፣ «ሥራ ላይ ስለሆነ ነው፣ ቀልድ አይወድም» አለችኝ። ተቀየምሽኝ ወይ ብላት «በጭራሽ» አለች። ሻይዋን ሳትቀምሰው ሄደች።

የተወሳሰበውን ክር ስፈታ አመሸሁ።  

ሰኞ

አልመጣችም።

ማክሰኞ

ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንጠራራበት ነው። መልስ የለም። ማለቴ መልስ አለ፣ ከእናቷ፦ «ማነው ግድግዳ የሚቆፍረው?»

ሐሙስ፣ ከትምህርት ቤት መልስ

በፎቶኮፒ ቤቱ በኩል ዞሬ መጣሁ። ማሽኑ ጋ የማላውቃት ሴት ቆማለች።

«ለቀቀች» አለችኝ። «ለሠርጉ ብዙ ሥራ ስላለባት ነው አሉ።»

«እሷ ናት ያለችው?»

«እጮኛዋ ነው መጥቶ የነገረን። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ። ሁላችንንም በየተራ ጨበጠን።»

ጨዋ ነው። ሁሉም ጨዋ ነው ይላል። እኔም በዓይኔ ያየሁት ንጹሕ ሸሚዝ ብቻ ነው።

ያንን ስልክ ባላነሳ ኖሮስ? አይ፣ ሰው በአንዲት ቀልድ ምክንያት ከሥራ አይቀርም። አይቀርም አይደል።

አንድ ካሬ ሠራሁ። ጠበቅ ብሎ ወጣ፣ ጨርቅ ሳይሆን የጉድጓድ ክዳን ይመስላል።

ቅዳሜ

ቅዳሜ የእማዬ ፀጉር ቤት ጉባኤ ነው። ፎጣ የማጠብ፣ የማስጣትና የማጣጠፍ ሥልጣን የእኔ ነው። እማዬ የደንበኛ ፀጉር ቀለም ስትቀባ ጠጋ አልኳት።

«እማዬ፣ መጋዘን እኮ…»

«ስም አለው።»

«እሺ፣ ስም ያለው ሰውዬ ጉንጮን ከሥራ አስወጥቷታል።»

«አላስወጣትም፣ አሳረፋት።»

«ስልክ ካላነሳችለት ይቆጣታል።»

«እኔስ አባትሽ ስልክ ሳያነሳ ሲቀር አልቆጣም?»

«አባዬ ግን ይፈራሻል?»

እማዬ ብሩሹን ድጋሚ ቀለሙ ውስጥ ነከረችው። ቀለም የምትቀባላት ሴትዮ «ቢፈራት ነው የሚሻለው» ብላ ሳቀች፣ ሁሉም ሳቁ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ። እኔ ስቀልድ ቁም ነገር ተናገሪ ይሉኛል፤ ቁም ነገር ስናገር ደግሞ ይስቃሉ።

አክስቴ ጥግ ላይ ፀጉራቸው በቢጉዲን ተጠቅልሎ ጋዜጣ ያነባሉ። ቀና ሳይሉ፣ «ወንድ ልጅ ከልቡ ሲወድ እንዲህ ነው» አሉ። አክስቴ አግብተው አያውቁም። ይህን አልተናገርኩም። ፊቴ ተናግሮ መሰለኝ «አታፍጪ» አሉኝ።

የጉንጮ እናት ካስክ ውስጥ ስለነበሩ አይሰሙም ብዬ ነበር። ሲወጡ ግን መስተዋቱ ፊት ተቀምጠው፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ለእማዬ እንዲህ አሏት።

«አባቷ ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ሲኖር፣ አንድ ቀን የት ነሽ ብሎኝ አያውቅም። ሆስፒታል ተኝቼ እንኳ። ይህኛው በየሰዓቱ ይጠይቃል። እኔ ልጄ የሚጠይቃት ሰው በማግኘቷ ደስ ብሎኛል። ጥፋት ነው?»

እማዬ ትከሻቸውን ዳሰሰቻቸው። እኔ ፎጣ አጣጠፍኩ። የተጣጠፈውን ፈትቼ ድጋሚ አጣጠፍኩ።

ደንበኛ ሁሉ ከሄደ በኋላ እማዬ አጠገቤ ተቀመጠች። «የቅርብ ጓደኛ ስታገባ ይከፋል። እኔም ባንድ ወቅት አልቅሻለሁ፣ ይለቃል» አለችኝ። ቅናት መስሏታል። እንደዚያ ስታይኝ ለራሴም መሰለኝ። ነው እንዴ?

ረቡዕ

መጣች።

ጉንጯ ከስቷል። ስምሽን ልቀይር ነው ልላት ነበር፣ ምላሴን ያዝኩት።

«ግማሽ ሰዓት አለኝ» አለች። «የአልጋውን ልክ ልስጣት ብዬው ነው።» የምሯን ሜትር ይዛ መጥታለች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ፣ ስክሪኑን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው።

«በእኔ ነው?» አልኳት። «በዚያ ቀልድ?»

«በፍጹም። ባንቺ ባይሆን በሌላ ነበር።»

የሚያጽናናኝ መስሏት ነው እንዲህ ያለችው።

«ተይዋ እንግዲያ። አታግቢው።»

«ካርዱ ታትሟል» አለች። «እኔው ነኝ ያተምኩት፣ በራሴ ማሽን። የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ነበር። አንዱም ኮፒ አልተበላሸብኝም።»

«ካርድ እኮ ወረቀት ነው።»

«እናቴ ወረቀት አይደለችም።»

 ካሬዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች፣ በዓይኗ ስልኩን እየጠበቀች፣ «ብዙ ይቀርሻል?» አለች።

«አይዞሽ፣ ለሠርጉ ይደርሳል።»

«አታድርሺው።»

ያልሰማሁ መሰለኝ።

«አትጨርሺው» አለች። «ካለቀ ወደዚህ የምመጣበት ምክንያት የለኝም። ካላለቀ ግን ልክ ልሰጣት ነው፣ ክር ልይዝላት ነው፣ ዳሩን ልመርጥ ነው እለዋለሁ። ከተጋባን በኋላም ቢሆን። በእጅ ሥራ ችግር የለበትም፣ የእጅ ሥራ ይወዳል።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ብቻ ጎትቺው።»

ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ ሜትሩን ጠቅልላ ሄደች። የአልጋውን ልክ ሳትነግረኝ።

ሐሙስ

በዕድሜዬ ሙሉ ሰነፍ ተብያለሁ። ሰነፍ ሁኚልኝ ተብዬ ስለመን ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዴት ባሽካካሁ ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት የሠራሁትን ከሰዓት አበላሸዋለሁ። አምስት ማዕዘን ያለው ካሬ መሥራት ጀምሬያለሁ፤ አሁን አምስተኛው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አክስቴ አገላብጠው አዩና፣ «ተሻሽለሽ ነበር እኮ» አሉ። አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፊታቸው፣ ጎበዝ ያሉት ተማሪ ሲወድቅባቸው የሚሆነውን ሆነ።

ልነግራቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ለአክስቴ የተነገረ ለእማዬ፣ ለእማዬ የተነገረ ለእናቷ ነው። ከዚያ ካስክ አለ፣ ከዚያ ጫማ ጠጋኙ አለ።

«ሰነፍኩ» አልኳቸው።

«ይህ ትውልድ» ብለው ጀመሩ። እስኪጨርሱ አዳመጥኩ። ረጅም ነበር።

እሁድ፣ የሠርጉ ዕለት

አዳራሽ፣ አበባ፣ ካሜራ። አክስቴ ከስጦታው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው፣ ለሚያልፈው ሁሉ «የሷ ገና አላለቀም» እያሉ በአገጫቸው ሲጠቁሙኝ ዋሉ። እማዬ አፍራ ብርድ ልብስ ገዝታ አስገብታለች፣ በእኔ ስም።

ጉንጮ አምሮባት ነበር። ፀጉሯን የሠራችው እማዬ ናት። ከሩቅ እጄን አወዛወዝኩላት፤ አየችኝ መሰለኝ፤ ካሜራ ያዡ ወደዚህ ተመልከቺ አላት፣ ተመለከተች።

መጋዘን ኬክ በሰሃን ይዞ ራሱ ወደ እኔ መጣ። ጎንበስ አለልኝ። እውነትም ንጹሕ ሸሚዝ ነው።

«የሙሽሪት ጽሕፈት ቤት» አለኝ በፈገግታ። «ዛሬ ዘጋችሁ እንዴ?»

አጠገቤ የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምንድን ነው የሳቅኩት? ኬኩን ተቀብዬ አመሰገንኩት፣ ደግሞም በላሁት፣ እስከ ሰሃኑ።

ሐሙስ

ከሠርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች፣ ዳሩን ልትመርጥ። ብቻዋን አይደለችም፣ ከባሏ እህት ጋር ነው። እህትየዋን እማዬ ካስክ ውስጥ አስገባችልን። እማዬ አውቃ ይሁን ሳታውቅ አልገባኝም፤ ብቻ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አቆየቻት።

ጓዳ ገብተን ተቀመጥን። ብዙ የማወራት ነበረኝ። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ አዲሱ የሂሳብ አስተማሪ አረማመድ፣ ስለ ሁሉም። ቱባውን አጠለቅኩላት፣ እጇን ዘረጋች፣ ጠነጠንኩ። አንዲትም ቃል ሳንናገር ካስኩ ጠፋ።

ስትወጣ «ዳሩ ሰፊ ይሁን» አለችኝ፣ እህትየዋ እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «በጣም ሰፊ።»

ሰኞ

ይህ ሁሉ የፀባይ ለውጥ ነው፣ አዲስ ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ናት፣ ትለምደዋለች። እማዬ ናት ያለችው። መጀመሪያ ትለኝ የነበረው «ይለቃል» ነበር። ልዩነት አለው መሰለኝ።

ሐሙስ

አልመጣችም። ዳሩን በጣም ሰፊ እያደረግኩ ነው።

ሐሙስ

አልመጣችም።

ቅዳሜ

እህትየዋ መጣች፣ ብቻዋን። ደግ ሴት ናት፣ ይህን መጻፍ አለብኝ። ለእማዬ ብርቱካን ይዛላት መጣች። ለእኔ፣ «የኔ እህት፣ በጣም አደከምንሽ አይደል» አለችኝ።

«ገና አላለቀም» አልኩ።

«እንዳለ አምጪው ብሎኛል ወንድሜ። ዳሩ ባያልቅም ግድ የለውም አለ። ለእሷም ይሻላታል፣ እዚህና እዚያ ከመመላለስ። ትንሽም አሟታል፣ ቤት አርፋ ትቀመጥ።»

እማዬ የደንበኛ ፀጉር ማጠቧን አቆመች። «ምን ሆና ነው?» አለች።

«ምንም፣ ድካም ነው» አለች እህትየዋ። እማዬ ሌላ ነገር ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት አየኋት። ከዚያ ደንበኛዋ «ውሃው ዓይኔ ገባ» አለች፣ እማዬም ወደ ውሃው ተመለሰች።

የአልጋ ልብሱን ላጣጥፍ ጓዳ ገባሁ።

ኪሮሽ ሲጨርሱ ክሩ ይቆረጥና በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ አልፎ ይጠብቃል፤ ሥራውን የሚይዘው ያ ብቻ ነው። ያ ካልተደረገ፣ አንድ ሰው ሳያስበው ጫፏን የነካ ቀን ከዳር ጀምሮ እየተተረተረ ይሄዳል። ክሩን ቆረጥኩ። አላሳለፍኩትም። የመጨረሻዋን ቀለበት እንደተከፈተች ተውኳት። ይተርተር። አልጋው ላይ ሲተረተር ያያል፣ ዝርክርክ ነገር አይወድም፣ ይህን ውሰጂና ታስተካክለው ይላታል። በብብቷ ይዛው ትመጣለች። ብዙ ሥራ ነው፣ በግማሽ ሰዓት አያልቅም። ከዚህ የተሻለ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ይኸው ነው።

አጣጥፌ ይዤው ወጣሁ። እህትየዋ በፌስታል ከማስገባቷ በፊት ልየው ብላ ወንበሩ ላይ ዘረጋችው። «ወይ ጉድ፣ እነዚህ እጆች» አለች፣ ከልቧ ነው። ዳሩን በጣቷ እየተከተለች ዞረችው። ከዚያ ቆመች።

«አይ፣ ይህችን ረስተሻት» አለች።

ጫፏን አነሳች፣ በቀለበቷ ውስጥ አሾለከቻት፣ ሳበቻት፣ ደግማ ቋጠረቻት፣ በጥፍሯ ጠበቅ አደረገቻት። «እንዲህ ካልሆነ እኮ ልፋትሽ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።»

እማዬ ከመታጠቢያው ጋ ሆና፣ «ምን ትገተሪያለሽ፣ አመስግኛት እንጂ» አለችኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

ፌስታሉን ልያዝልሽ ብዬ እስከ መኪናው ተከተልኳት። ምናልባት ጉንጮ መኪናው ውስጥ ትኖር ይሆናል ብዬ ነው። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር። ፌስታሉን እዚያ አስቀመጥኩት።